በታላቁ ቤተ መንግሥት ያየሁትና የተማርሁት

ከትምህርት ቤታችን የታሪክ ክበብ አባላት መካከል 26 ተማሪዎች ከሁለት መምህራን ጋራ ሆነን ወደ አዲስ አበባ ለጉብኝት የተነሣነው ከሌሊቱ በ10 ሰዓት ነበር። ቢጠና ገና አልነቃችም፤ ከውሻ ጩኸት በቀር የሚሰማ ነገር አልነበረም። ሶዶ ስንደርስ ጎሕ ቀደደ፤ ከዚያም በአረካ፥ በሆሳዕናና በቡታጅራ አድርገን ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ተጓዝን። ስለ መንገዱ ብዙ ለመጻፍ አልፈልግም። ባለፈው ዓመት አንድ ጓደኛችን ለዚሁ መጽሔት ባቀረበው ጽሑፍ ስለ ጉዞው ሦስት ገጽ፥ ስለ ደረሰበት ቦታ ግን ግማሽ ገጽ ብቻ በመጻፉ መምህራችን በሁላችን ፊት እንደ ገሠጹት አስታውሳለሁ።

ነገር ግን ከመነሣታችን በፊት የሆነውን አንድ ነገር መተው አልችልም። በዋዜማው ማታ አያቴ የስንቅ ዳቦ ስትጠቀልልልኝ ወዴት እንደምንሄድ ጠየቀችኝ። «ወደ ምኒልክ ቤተ መንግሥት» ብዬ ብነግራት እጇን ከዳቦው ላይ አንሥታ ዝም አለች። ከጥቂት ጊዜ በኋላ በወላይትኛ እንዲህ አለችኝ፤ «ካዎ ጦናን የወሰዱት ወደዚያ ነው አይደለም? እንግዲያውስ ቤቱን ደኅና አድርገህ እይና መጥተህ ንገረኝ።» አያቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ ስለ ጦና የምታውቀውም ከአባቷ የሰማችውን ነው። ስለዚህ እኔ ወደ አዲስ አበባ የሄድሁት እንደ ጓደኞቼ ለማየት ብቻ ሳይሆን መልእክት ይዤም ነበር።

ይህን ጽሑፍ ለሚያነቡ ታናናሽ ወንድሞቼና እኅቶቼ ነገሩ ግልጽ እንዲሆንላቸው አስቀድሜ የቤቱን ታሪክ ባጭሩ እገልጻለሁ። አዲስ አበባ የተቈረቈረችው በ1879 ዓ.ም. ሲሆን፥ እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ተራራ ወርደው በፍል ውኃ አጠገብ ቤት ካሠሩ በኋላ ቤተ መንግሥቱም ከፍልውኃው በላይ ባለው ጕብታ ላይ ተሠራ። የመጀመሪያዎቹ ቤቶች አብዛኛው ክፍላቸው እንጨትና ጭቃ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ እሳት ተነሥቶ ብዙውን ስላጠፋው፥ ቤቱ እንደገና ሲሠራ ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግና ሌሎች የውጭ አገር ባለሙያዎች ከአገራችን አናጢዎችና ግንበኞች ጋራ ሠሩበት። ኢልግ ከእንጦጦ ግርጌ ውኃ በቧንቧ ወደ ግቢው ያመጣ ሰው ነው። ውኃው ከዝቅተኛ ቦታ ተነሥቶ ወደ ጕብታው ሲወጣ ያዩ ሰዎች እጅግ ተደንቀው ነበር ይባላል። ምስጢሩ ግን እኛ በ9ኛ ክፍል በፊዚክስ የተማርነው ነው፤ ምንጩ ከግቢው ከፍ ብሎ የሚገኝ ከሆነ ውኃው በመሐል ቢወርድም በራሱ ግፊት መልሶ ይወጣል።

ያ ዘመን በአፍሪካ ላይ የቅኝ ግዛት ዘመን ነበር። አውሮፓውያን በ1884 እና በ1885 (በነሱ አቈጣጠር) በበርሊን ተሰብስበው ስለ አፍሪካ ከተነጋገሩ በኋላ በየአገሩ ለገዥዎቻቸው ትልልቅ ቤቶችን ሠርተዋል። ከነዚያ ቤቶች ብዙዎቹ ዛሬ ታድሰው ለጎብኝ ተከፍተዋል። በጎረቤታችን በኬንያ ናይሮቢ አጠገብ በ1912 (በአውሮፓ አቈጣጠር) የተሠራው፥ በኋላ የዴንማርካዊቷ ደራሲ የካረን ብሊክሰን መኖሪያ የነበረው ቤት አሁን ሙዚየም ነው። በዚያ ቤት ጣሪያው ሰፊ፥ በረንዳው ረጅም ሆኖ የቡና እርሻዋን ይመለከት ነበር። በአዲስ አበባ ያለው ግን በቅኝ ገዥ ላይ ድል ያደረገ ንጉሥ ቤት ነው። ይህ ለማንኛውም ኢትዮጵያዊ የሚያኮራ ነው። ለእኛ ለወላይታ ልጆች ግን ነገሩ ሁለት ፊት አለው፤ ወደዚያው እመጣለሁ።

በማግሥቱ ጧት በሰልፍ ሆነን ገባን። ይህ ክፍል የአንድነት ፓርክ ተብሎ ለሕዝብ የተከፈተው መስከረም 29 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ከመቶ ዓመት በላይ በአጥር ውስጥ ተዘግቶ የኖረ ግቢ ስለ ነበር፥ አዲስ አበባ ተወልደው ያረጁ ሰዎች እንኳ ከውጭ ዛፉን እንጂ ቤቱን አያውቁትም ነበር። ከእኛ መካከል አንዲት ተማሪ ጥቁር፥ ቀይና ቢጫ የሆነውን የዱንጉዛ ልብሳችንን ለብሳ ስለ ነበር በመግቢያው ላይ ብዙ ሰዎች አብረዋት ፎቶግራፍ ተነሡ፤ እኛንም አዘገየችን።

በመጀመሪያ ያየነው የግብሩን አዳራሽ ነው። ይህ አዳራሽ ከዐድዋ ድል በኋላ በ1890 ዓ.ም. ገደማ የተሠራ ሲሆን፥ ጣሪያው ሦስት ተራራ ጎን ለጎን እንደ ቆሙ ሆኖ ይታያል። ከበሩ ገብቼ ቀና ስል አንገቴን አመመኝ ብል ማጋነን አይደለም። የእኛን ትምህርት ቤት ተማሪ ሁሉ ቢያስገቡበት ገና ለሌላ ትምህርት ቤት ቦታ ይተርፋል።

እዚህ ላይ ግብር ማለት ምን እንደ ሆነ ማስረዳት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም የዛሬ ተማሪ ግብር ሲባል ገቢዎች ቢሮ የሚከፈለውን ብቻ ያስባል። በዚያ ዘመን ግብር ሁለት ትርጕም ነበረው። አንደኛው ሕዝቡ ለንጉሡ የሚያገባው ማር፥ እህል፥ ከብትና ሌላም ነበር። ሁለተኛው ንጉሡ መልሶ ለመኳንንቱና ለወታደሩ የሚያበላው ታላቅ ድግስ ነበር። በእሑድና በበዓል ቀን ንጉሡ በመጋረጃ ውስጥ ሆነው አስቀድመው ይመገባሉ፤ ከዚያ መጋረጃው ተከፍቶ መኳንንቱ፥ ቀጥሎ የጦር አለቆች፥ በመጨረሻም ወታደሩ በየማዕርጉ በተራ እየገባ ይበላል። ብርንዶው በረጅም እንጨት ላይ ተንጠልጥሎ ሁለት ሰዎች ተሸክመውት በሰው መካከል ሲያልፍ፥ ሁሉም በየካራው እየቈረጠ ያነሣል። ጠጁም እንደዚያው ነበር። በአንድ ቀን በሺሕ የሚቈጠር ሰው ይበላ ስለ ነበረ አዳራሹ ይህን ያህል መስፋቱ አያስደንቅም። ይህ ድግስ የመንግሥት ሥራም ነበር፤ ማን ከማን አጠገብ እንደ ተቀመጠ በማየት ማን እንደ ተሾመ፥ ማንስ እንደ ተሻረ ይታወቅ ነበር። (ስለ ብርንዶው ሲነገረን ከጓደኞቼ አንዱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የወላይታ ዳጣ አልነበራቸውም እንጂ!» ብሎ ሁላችንንም አሳቀን።)

ሣቃችን ካለፈ በኋላ ግን እኔ ስለ ከብቱ አሰብሁ። ያ ሁሉ ሰንጋ ከየት መጣ? መምህራችንን ብጠይቃቸው ከአዳራሹ ጥግ አቁመውን ይህን አስረዱን።

በ1880 ዓ.ም. ጣልያኖች በምጽዋ በኩል ባስገቡት ከብት አማካይነት የከብት ደስታ በሽታ ወደ አገራችን ገባ። በሽታው በጥቂት ጊዜ ውስጥ የሰሜኑንና የመካከሉን አገር ከብት ፈጀው። በሬ ስለ ጠፋ እርሻ ቆመ፤ ዝናብ ጠፋ፤ አንበጣም ተጨመረበት። እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ የቆየው ያ ረኃብ እስከ ዛሬ «ክፉ ቀን» ይባላል። ዐፄ ምኒልክ ደግሞ ብዙ ሠራዊት ነበራቸው፤ ሠራዊቱም መብላት ነበረበት። ከአውሮፓ ጠመንጃ ለመግዛትም የዝሆን ጥርስ፥ ወርቅና ሌላ ሀብት ያስፈልግ ነበር። በዚህ ምክንያት ወደ ደቡብ የሚደረገው ዘመቻ በረታ። ወላይታ በዚያን ጊዜ እህሉ የበዛ፥ ከብቱ የደለበ፥ የራሱ ካዎ ያለው አገር ነበር። ከዚያ በፊት የመጡበትን ዘመቻዎች መልሷል። በኅዳር 1887 ዓ.ም. ግን ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ታላቅ ጦር ይዘው መጡ፤ የወሎው ራስ ሚካኤልና የጅማው ንጉሥ አባ ጅፋርም አብረው ነበሩ። በአንድ በኩል ጠመንጃ፥ በሌላው በኩል ጦርና ጋሻ ነበር። ዘመቻውን አብሮ የተጓዘ ቫንደርኤም የሚባል ፈረንሳዊ ነጋዴ ያየውን በመጽሐፍ ስለ ጻፈ፥ የሞተው ሰውና የተማረከው ሕዝብ፥ የተነዳውም ከብት እጅግ ብዙ እንደ ነበር ዛሬ ከጽሑፉ ማንበብ ይቻላል። ካዎ ጦና ቈስለው ተማረኩ፤ ወደ አዲስ አበባም ተወሰዱ።

መምህራችን ይህን ሲነግሩን ድምፃቸውን አላነሡም፥ ዝቅም አላደረጉም። ከዚያም ቀጥለው፥ «አሁን ደግሞ ቀኑን አስሉ» አሉን። እኛም አሰላን። ከኅዳር 1887 እስከ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ያለው አንድ ዓመት ከሦስት ወር ያህል ነው። የካቲት 23 የዐድዋ ጦርነት የተደረገበት ቀን ነው። ወላይታን የወጋው ሠራዊት በአንድ ዓመት ከመንፈቅ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ዐድዋ ላይ ቆሞ ለመላው ጥቁር ሕዝብ ኩራት የሆነውን ድል አገኘ። ከሁለት ዓመት ያህል በኋላም እኛ የቆምንበት አዳራሽ ተሠራ።

እኔ እስከዚያን ቀን ድረስ ሁለቱን ታሪኮች የማውቃቸው ለየብቻቸው ነበር። ዐድዋን በትምህርት ቤት፥ ጦናን በአያቴ ምድጃ ዳር ነው የሰማሁት። በአንድ ጣሪያ ሥር፥ በአንድ ሠራዊት እጅ የሆኑ ነገሮች መሆናቸውን አስቤው አላውቅም ነበር። አንድ ጓደኛዬ፥ «መምህር፥ እንግዲህ በዚህ ቤት እንኩራ ወይስ እንዘን?» ብሎ ጠየቀ። መምህራችንም፥ «አንተ ምን ተሰማህ?» ብለው መለሱለት። «ሁለቱም» አለ። «እንግዲያው ሁለቱንም በደብተርህ ጻፍ» አሉት። እኔም ጻፍሁ።

ከአዳራሹ ወጥተን ወደ እልፍኙ ሄድን። እልፍኝ ማለት የንጉሡ የግል መኖሪያ ነው። ባለ ፎቅ ሆኖ ዙሪያውን የእንጨት በረንዳ አለው፤ እንጨቱም እየተፈለፈለ እንደ ዳንቴል የተሠራ ነው። ይህ ዐይነት አሠራር በሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ ባሉ ከተሞች ብዙ የሚታይ ሲሆን፥ ወደ እኛ አገር ያመጡት በዚያ ዘመን በምኒልክ ከተማ ይሠሩ የነበሩ ሕንዳውያንና አርመናውያን የእጅ ባለሙያዎች ናቸው። በዚያው አጠገብ ከፍ ብሎ የሚታየው ክብ ቤት በቅርጹ ምክንያት እንቁላል ቤት ይባላል፤ ዐፄ ምኒልክ የሚጸልዩበትና ከላይ ሆነው ከተማቸውን በመነጽር የሚመለከቱበት ነበር ይባላል።

እዚህ ላይ ስለ እድሳት የተማርሁትን ልጻፍ፤ ለእኔ ከጉብኝቱ ሁሉ ይህ ይበልጥ ጠቅሞኛል። ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ የጭቃና የእንጨት ቤት ሦስት ጠላቶች አሉት፤ ውኃ፥ ምስጥና ችኩል ሰው። ውኃው ከላይ በቆርቆሮው ቀዳዳ፥ ከታች በመሠረቱ በኩል ይገባል። ምስጡ እንጨቱን ከውስጥ ይበላና ላዩን እንደ ነበረ ይተወዋል፤ በጣት ሲነኩት ይሰበራል። ችኩል ሰው ደግሞ የተሰነጠቀውን ግድግዳ ሲያይ ሲሚንቶ ይለስንበታል። ይህ ብልኀት ይመስላል እንጂ ስሕተት ነው። የጭቃ ግድግዳ እንደ ሰው ቈዳ ይተነፍሳል፤ በክረምት የጠጣውን ርጥበት በበጋ ይተፋዋል። ሲሚንቶ ሲለብስ ግን ርጥበቱ መውጫ አጥቶ በውስጥ ይከማችና ጭቃውን ያፈርሰዋል፥ እንጨቱንም ያበሰብሰዋል። ስለዚህ ዐዋቂ ሰው የጭቃን ቤት በጭቃ፥ በጭድና በኖራ ይጠግናል። ደኅናውን እንጨት አይነካውም፤ የተበላውን ክፍል ብቻ ቈርጦ በዚያው ዐይነት እንጨት ይቀጥለዋል። ከመጀመሩም በፊት እያንዳንዱን ክፍል ለክቶ፥ ፎቶግራፍ አንሥቶ፥ በወረቀት ላይ ይነድፋል።

ይህን ስሰማ የአያቴ ቤት ትዝ አለኝ። የወላይታ የሣር ቤት ሣሩ በየጥቂት ዓመቱ ካልተለወጠ፥ ጢሱም በየቀኑ ካልገባው አይቆይም። ጢሱ ምስጡን ያባርራል፤ ጥላሸቱም ውኃ እንዳይገባ ያግዛል። ሰው የማይኖርበት ቤት ፈጥኖ የሚፈርሰው በዚህ ምክንያት ነው። አያቴ ይህን ሁሉ ታውቃለች፤ «እድሳት» ብላ አትጠራውም እንጂ።

ከዚያ ዙፋን ቤት ገባን። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ እንግዶቻቸውን የሚቀበሉበት የነበረው ይህ ቤት አምሮና ተውቦ ይታያል፤ በሰም የተሠራውም ምስላቸው በዙፋን ላይ ተቀምጦ ሳይ በእውነት ሊያናግሩኝ መሰለኝ። ነገር ግን የዚያ ቤት ወለል ከሥሩ ሌላ ነገር ይዟል። በ1967 ዓ.ም. መጀመሪያ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ከወረዱ በኋላ ደርግ የቀድሞ ሚኒስትሮችንና ጄኔራሎችን ያሰረው በዚህ ቤት ምድር ቤት ውስጥ ነው። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት 60 ያህል ሰዎች ያለ ፍርድ ተረሸኑ፤ ከነሱም መካከል ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድና ልጅ እንዳልካቸው መኰንን ይገኙ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱም ራሳቸው በነሐሴ 1967 ዓ.ም. በዚሁ ግቢ ሞቱ፤ አፅማቸው በ1984 ዓ.ም. ከግቢው ተቈፍሮ ወጣና ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. በመንበረ ጸባኦት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ዐረፈ። ወደ ምድር ቤቱ ወርደን ሳለ ከመካከላችን የተናገረ የለም። ደረጃውን ስንወጣ ፀሓዩ ዐይናችንን ወጋው።

የግቢው አትክልት ሰፊና የተዋበ ነው። ዛፎቹ ከቤቶቹ እኩል ያረጁ ይመስላሉ። ጥቁር ጎፈር ያላቸውን የአበሻ አንበሶችም አየን። እነዚህ አንበሶች ከሌሎች የአፍሪካ አንበሶች በዘር የተለዩ መሆናቸውን በአዲስ አበባው የስድስት ኪሎ አንበሶች ላይ የተደረገ ምርመራ በ2005 ዓ.ም. አስታውቋል። ትንንሾቹ ተማሪዎች ከዚያ አልነቃነቅም ስላሉ እነሱን ለማንሣት ግማሽ ሰዓት ፈጀብን።

ቀጥሎ ፓርኩ ሲከፈት የነበሩት ዘጠኙ ክልሎች የየራሳቸው ሥፍራ ወደ ተሰጣቸው ክፍል ሄድን። በዚያን ጊዜ ወላይታ በደቡብ ብሔሮች፥ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል ውስጥ ነበር፤ በኋላ በ2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ወላይታ ሶዶ የክልሉ መቀመጫ ሆናለች። ንጉሣችን ተማርከው ወደ መጡበት ከተማ፥ በ130 ዓመት ውስጥ የልጅ ልጆቻቸው በአውቶቡስ ተሳፍረው፥ ዱንጉዛ ለብሰው፥ ቲኬት ቈርጠው ገቡ። ይህን ሳስብ ሣቅም ዕንባም መጣብኝ።

በመመለሻችን ቀን አውቶቡሳችን በሶዶ ስላቆመ የካዎ ጦናን ሐውልት እንደገና አየሁት። ከዚያ በፊት ብዙ ጊዜ አልፌበታለሁ፤ ነገር ግን ቀና ብዬ ፊቱን ያየሁት ያን ቀን ነው። የጦና መቀመጫ የነበረው ዳልቦ ከሶዶ ሩቅ አይደለም። በዚያ ግን የሚታደስ እልፍኝ የለም፤ ከእንጨትና ከሣር የተሠራ የንጉሥ ቤት ጦርና እሳት ካለፈበት በኋላ አይቆይም። የቀረልን የድንጋይ ሥራ ነው። ካዎ አማዶ አገራቸውን ከጠላት ለመከላከል ያሠሩት ኬላ፥ ማለት የድንጋይ ካብ፥ እስከ ዛሬ አለ፤ እንደዚሁም በጎረቤታችን በዳውሮ የንጉሥ ሃላላ ኬላ አለ። ካብ ያለ ጭቃ፥ ድንጋይ በድንጋይ ላይ እየተያዘ የሚሠራ ስለ ሆነ ውኃ አያፈርሰውም። የሚያፈርሰው ለቤቱ መሠረት ወይም ለማሳው ድንበር ድንጋይ የሚፈልግ ሰው ነው። የታሪክ ክበባችን በሚመጣው ዓመት ኬላውን ሄዶ ለመለካትና ለመንደፍ ወስኗል፤ ሜትርና ገመድ ያላችሁ ተማሪዎች ስማችሁን ለክበቡ ጸሓፊ እንድትሰጡ በዚህ አጋጣሚ አስታውቃለሁ።

ቢጠና የደረስሁት ማታ ነበር። አያቴ አልተኛችም። እሳቱን ቈስቍሳ አጠገቧ አስቀመጠችኝና ሁሉንም ነገርኋት፤ ስለ አዳራሹ፥ ስለ ብርንዶው፥ ስለ ምድር ቤቱ፥ ስለ አንበሶቹም። ስለ ክፉ ቀንና ስለ ከብቱ ስነግራት ራሷን ነቀነቀች፤ «አባቴም ከብቱ ሲነዳ ሦስት ቀን አቧራው አልበረደም ይል ነበር» አለች። ይህን ከዚያ በፊት ነግራኝ አታውቅም፤ እኔም ጠይቄያት አላውቅም ነበር። ወዲያው ደብተሬን አውጥቼ ጻፍሁት።

ከዚያም ብዙ ካሰበች በኋላ፥ «ያን የሚያህል ጣሪያ ስንት ምሰሶ ተሸክሞታል?» ብላ ጠየቀችኝ።

አልቈጠርሁም ነበር። እውነቱን ነገርኋት። አያቴም በቤቷ መካከል የቆመውን፥ በጢስ የጠቈረውን ምሰሶ በእጇ መታ መታ እያደረገች፥ «ሁለተኛ ስትሄድ ቍጠር» አለችኝ፤ እራቴንም አቀረበችልኝ።